አንድ ጠርሙስ የባሕር ውሃ፦ የነዳጅ ብክለት በቀይ ባሕር ዳርቻ እንዴት ይለካል?

ሩቢማር የተባለችው የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 በባብ ኤል መንደብ አካባቢ በሁቲዎች ሚሳይል ከተመታች በኋላ፣ እስከ ሰጠመችበት እስከ ማርች 2 ድረስ ለሁለት ሳምንት ያህል ተንሳፍፋ ቆይታለች። በእነዚያ ቀናት የአሜሪካ ጦር ከመርከቧ የፈሰሰው ዘይት 29 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ንጣፍ መሥራቱን አስታወቀ፤ ቁጥሩም በየቋንቋው እየተተረጎመ ዓለምን አዳረሰ። ዜናው ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ባሕሩ ምን ያህል እንደ ተበከለ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቁጥር ርዝመትን እንጂ መጠንን አይነግረውም፤ ከንጣፉ ሥር ባለው ውሃ ውስጥ፣ ዓሣውና ኮራሉ በሚኖሩበት ጥልቀት፣ ምን ያህል ዘይት እንደ ገባ ደግሞ ጨርሶ አያወራም።

በክረምት በጋራዦች አካባቢ በሚታቆር ኩሬ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ ነገር ተዘርግቶ ያላየ ሰው አይኖርም። ጥቂት ጠብታ የሞተር ዘይት ኩሬውን ሙሉ ይሸፍነዋል። በባሕር ላይም የሚሆነው እንዲሁ ነው። የሰሜን ባሕር አገሮች በቦን ስምምነት አማካይነት ባዘጋጁት የቀለም መለያ መሠረት፣ ከአውሮፕላን ሲታይ ብርማ ወይም ግራጫ የሚመስል ንጣፍ ውፍረቱ ከ0.04 እስከ 0.30 ማይክሮሜትር ነው፤ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው እስከ 5 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ እንደ ብረት የሚያንጸባርቀው እስከ 50 ይዘልቃል፤ የዘይቱ የራሱ ቀለም ያለ መቆራረጥ የሚታየው ግን ውፍረቱ ከ200 ሲበልጥ ብቻ ነው። ይህን ይዘን ብንሰላ፣ 29 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ንጣፍ ስፋቱ በአማካይ 100 ሜትር ቢሆንና ሁሉም በጣም ስስ የብርማ ንጣፍ ቢሆን፣ የያዘው ዘይት 116 ሊትር ብቻ ይሆናል፤ ይህም አንድ በርሜል እንኳ አይሞላም። ያው ንጣፍ እንደ ብረት የሚያንጸባርቅና በዚያ ደረጃ የመጨረሻው ውፍረት ላይ የደረሰ ቢሆን ግን 145,000 ሊትር ይይዛል፤ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ተሳቢ ያላቸው ሦስት የነዳጅ ቦቴዎች የሚጭኑትን ያህል ማለት ነው። ርዝመቱም ስፋቱም ሳይለወጥ መጠኑ ከሺህ እጥፍ በላይ ይለያያል።

ስለዚህ ዓይን የሚያየውን ትተን ወደ ውሃው መውረድ ይኖርብናል፤ እዚያ ደግሞ የምንፈልገው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ከወደብና ከመርከብ መስመር በራቀ ክፍት ባሕር የነዳጅ ሃይድሮካርቦን መጠን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1 ማይክሮግራም በታች ነው፤ በወደቦች አካባቢ ወደ አስር ቤት ከፍ ሊል ይችላል። አንድ ማይክሮግራም በሊትር ሲባል ለጆሮ ባዶ ቁጥር ነውና በቦቴ እንመነዝረው፦ ውሃ በተሞላ አንድ ትልቅ ቦቴ ውስጥ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጎ ማደባለቅ ማለት ነው። የሚለካው እንግዲህ ያቺ ጠብታ ናት።

ናሙና የሚወስደው ባለሙያ ጥንቃቄው ከመጠን ያለፈ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። ጠርሙሱ የብርሃን ጨረር የማያሳልፍ ቡናማ ብርጭቆ መሆን አለበት፤ ፕላስቲክ ዘይቱን ወደ ራሱ ይስባል፣ ከራሱም ወደ ውሃው ይለቃል። ጠርሙሱ ከመሄዱ በፊት ሄክሴን በተባለ ፈሳሽ ይታጠባል። ጀልባዋ ሞተሯን አጥፍታ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች፤ ናሙናውም የሞተሩ ጭስና ፍሳሽ በማይደርስበት በፊት በኩል ይወሰዳል። ባለሙያው እጁን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀብቶ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተበላሽቷል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጠርሙሱ የውሃውን ገጽ የሚያልፍበት ቅጽበት ነው፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ከወረደ ከላይ ያለውን ስስ ንጣፍ ጠጥቶ ይገባል፣ ቤተ ሙከራው የሚያገኘውም ቁጥር የውሃው ሳይሆን የንጣፉ ይሆናል። ስለዚህ ጠርሙሱ ክብደት ባለው ማቀፊያ ታስሮ፣ ተዘግቶ ወደ 1 ሜትር ጥልቀት ይወርድና ክዳኑ በገመድ ተስቦ እዚያው ይከፈታል። የዩኔስኮ የውቅያኖስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው መመሪያ መሠረቱ ይህ ሲሆን፣ አነስተኛ አቅም ያላቸው አገሮች ሊሠሩበት እንዲችሉ ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ዛሬም ድረስ በብዙ የባሕር ዳርቻ ቤተ ሙከራዎች ያገለግላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ወጥ ለሠራ ሰው እንግዳ አይደለም። ውሃው ላይ ሄክሴን ተጨምሮ በኃይል ይናጣል፤ ሲረጋ ሄክሴኑ ከውሃ ስለሚቀል፣ በደንብ የተቁላላ ቁሌት ላይ ዘይቱ እንደሚወጣው ሁሉ፣ በውሃው ውስጥ የነበረውን ዘይት ይዞ ከላይ ይንሳፈፋል። ተቀድቶ፣ የቀረችው እርጥበት እርጥበት በሚመጥ ጨው ደርቃ፣ ሄክሴኑ እየተነነ እንዲያንስ ይደረጋል። የቀረው ፈሳሽ በመሣሪያ ውስጥ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። የባንክ ገንዘብ ተቀባዮች የብር ኖት ሐሰተኛ መሆን አለመሆኑን የሚያዩበትን ሐምራዊ መብራት ማስታወስ ይበቃል፤ በነዳጅ ውስጥ ያሉት አሮማቲክ የሚባሉት ውህዶችም እንደዚሁ በማይታይ ብርሃን ሲመቱ መልሰው ያበራሉ። በተለመደው አሠራር 310 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ይላክና በ360 ናኖሜትር የሚመለሰው ይለካል። ድምቀቱ ሲጨምር ዘይቱ በዝቷል ማለት ነው።

በዝቷል ማለት ግን ከምን አንጻር? አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ቁልፍ ነጥብ እዚህ ላይ አለ፤ ለሕዝብ በሚቀርቡ ዘገባዎች ዘወትር የሚዘለለውም እሱ ነው። ነዳጅ ዘይት አንድ ነገር አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ቅልቅል ሲሆን ከጉድጓድ ጉድጓድ፣ ከማጣሪያ ማጣሪያ ይለያያል። መሣሪያው ድምቀትን እንጂ ዘይትን አያውቅም፤ ድምቀቱን ወደ ማይክሮግራም ለመመንዘር መጠኑ የታወቀ መለኪያ ያስፈልገዋል። አንዱ ቤተ ሙከራ ክራይሲን የተባለውን ንጹሕ ውህድ ይጠቀማል፤ ሌላው አንድ የታወቀ የባሕረ ሰላጤ ድፍድፍ ዘይትን ይመርጣል። ክራይሲን ከዘይት እጅግ የበለጠ ስለሚያበራ፣ ከአንድ ጠርሙስ የተወሰደ ውሃ በሁለቱ መለኪያዎች ሲነበብ በብዙ እጥፍ የሚለያዩ ሁለት ቁጥሮች ይሰጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው መለኪያውን ሳይጠቅሱ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ብክለቱ ቀንሷል» ወይም «ጨምሯል» ማለት ሲጀመር ነው። ከዚህም በላይ፣ ቀላል ድፍድፍ ዘይትና ናፍጣ አሮማቲክ ውህዳቸው አነስ ስለሚል በከባድ የመርከብ ነዳጅ ልኩ በተስተካከለ መሣሪያ ሲለኩ ከእውነተኛ መጠናቸው ያነሱ መስለው ይታያሉ። «በሊትር 12 ማይክሮግራም ተገኘ» የሚል ዘገባ በምን መለኪያ፣ በየትኛው ጥልቀት፣ ዘይቱ ከፈሰሰ በስንተኛው ቀን እንደ ተለካ ካልጨመረ፣ እኔ በበኩሌ እንደ መረጃ አልቆጥረውም።

ቀኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት የዘይቱን ዕጣ መከተል ይገባል። ቤንዜንና ቶሉይን የመሳሰሉት ቀላል ውህዶች፣ ለሕይወት ወዲያውኑ አደገኛ የሆኑትና በውሃ በቀላሉ የሚሟሙት፣ በቀይ ባሕር ሙቀት በሰዓታትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ተንነው ይሄዳሉ። በሳምንቱ ናሙና የሚወስድ ሰው አያገኛቸውም፤ ባለማግኘቱም ጉዳት አልደረሰም ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ከባዶቹ ደግሞ ከደለል ጋር ተጣብቀው ይሰምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠር በርሜል ድፍድፍ ወደ ባሕር ፈስሶ 700 ኪሎ ሜትር ያህል የሳዑዲ ዓረቢያ ዳርቻን በሸፈነ ጊዜ፣ ከዓመት በኋላ ከዳርቻው ራቅ ያለው ውሃ በአብዛኛው ጠርቶ ነበር፤ በረግረጉ ደለል ውስጥ የገባው ዘይት ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ሲቆፈር ይገኝ ነበር።

ከዚያው ጦርነት የተገኘ አንድ ውጤት ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከጦርነቱ በኋላ ደለልና የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመዶችን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ከባዱ ብክለት ከፈሰሰበት ቦታ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ባለው የሳዑዲ ዳርቻ ተወስኖ ሲያገኙት፣ በባሕሬን አንዳንድ ቦታዎች ግን መጠኑ ከጦርነቱ በፊት ከነበረውም ያነሰ ሆኖ አገኙት። ምክንያቱ ምናልባት ጦርነቱ የነዳጅ ጫኝ መርከቦችን ምልልስ ስለቀነሰና መርከቦቹ ከታንካቸው ይደፉት የነበረው ዘይት ያለበት ውሃ አብሮ ስላነሰ ነው አሉ። ይህን መናገር የቻሉት ከጦርነቱ በፊት የተለካ ቁጥር በእጃቸው ስለነበረ ነው። ያ ቁጥር ባይኖር ኖሮ በባሕሬን የተገኘው ዘይት ሁሉ ያለ ጥርጥር ለጦርነቱ ፍሳሽ ይመዘገብ ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት ቀስ እያለ ሲያንጠባጥብ የኖረው የመርከቦች ብክለትም ተሰውሮ ይቀር ነበር።

በአላስካም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈሰሰች በኋላ በፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ ዳርቻዎች የተለቀሙ የሬንጅ ቅንጣቶች ሲመረመሩ፣ ከፊሎቹ የመርከቧ ጭነት ከነበረው የሰሜን አላስካ ዘይት ጋር የማይገጥሙ ሆነው ተገኙ። ምንጫቸው ካሊፎርኒያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሱ የወደብ ማጠራቀሚያ ታንኮች ፈስሰው 25 ዓመት በዳርቻው የቆዩ ናቸው። ይህን የለየው የድምቀት መለኪያ አይደለም። ውህዶችን የሚለያየው ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ክብደታቸውን ከሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ተጣምሮ፣ ሆፔን የሚባሉትን ባክቴሪያና ፀሐይ በቀላሉ የማያፈርሷቸውን ውህዶች እርስ በርስ ያላቸውን ምጣኔ በማንበብ፣ የዘይቱን የጣት አሻራ ያወጣል። መሣሪያው ውድ ነው፣ የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል። ስለዚህ አስተዋይ አሠራር ሁለቱን ያጣምራል፦ በርካሹ የድምቀት ዘዴ ብዙ ጠርሙስ በየጊዜው ይመረመራል፤ ቁጥሩ ከወትሮው ከፍ ያለበት ጠርሙስ ብቻ ወደ አሻራ ምርመራ ይላካል።

ወደ ደቡባዊው ቀይ ባሕር ስንመለስ፣ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራችው ሴፈር የተባለች መርከብ ከየመኗ ራስ ኢሳ ፊት ለፊት 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ይዛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጥገና አጥታ ስትዝግ ቆይታ፣ ዘይቱ በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት ወደ ሌላ መርከብ ተዛውሮ ያለቀው ኦገስት 11 ቀን 2023 ነው። ጭነቷ ኤክሶን ቫልዴዝ ካፈሰሰችው አራት እጥፍ በላይ ነበር። ከዓመት ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኦገስት 2024 ሱኒዮን የተባለችው የግሪክ መርከብ 150,000 ቶን ያህል ድፍድፍ እንደ ጫነች ተመትታ ለሳምንታት ነደደች፤ እሷም ትልቅ ፍሳሽ ሳታደርስ ተጎትታ ወጣች። ሁለት ጊዜ ተረፍን። በዚህ የባሕር ክፍል ነፋሱ በክረምቱ ወራት ከሰሜን ምዕራብ፣ በበጋው ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ከራስ ኢሳ አካባቢ የሚፈስ ዘይት እንደ ወቅቱ ወደ ባብ ኤል መንደብና ወደ ጅቡቲ ሊወርድ ወይም ወደ ሰሜን ሊወጣ ይችላል። የመነሻ ልኬት፣ ማለትም አደጋ ከመድረሱ በፊት የሚወሰደው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ተለክቶ አይበቃም የምለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቢያንስ በሁለቱም ነፋሳት መለካት አለበት።

በጅቡቲ ያለችውን ዶራሌን ልብ ብለን እንመልከት። የኢትዮጵያ ነዳጅ አብዛኛው የሚራገፈው እዚያ ባለው የነዳጅ ተርሚናል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በዚያው በዶራሌ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራ፣ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የባሕር ውሃን ከጨው ለይቶ ለጅቡቲ ከተማ የሚያጠጣ ጣቢያ ተመርቋል። ነዳጅ የሚራገፍበትና የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ባሕር አንድ ነው። ዘይት እንዲህ ባለ ጣቢያ ማጣሪያ ላይ ሲለጠፍ ሥራውን ያስተጓጉላል፤ ቀላል ውህዶቹም ወደ ተጣራው ውሃ ሊሻገሩ ይችላሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዕለቱ የሚጠጡት ውሃ አብዛኛው ከእንዲህ ዓይነት ጣቢያ የሚወጣ በመሆኑ፣ በእነዚያ አገሮች የውሃ መሳቢያ አፍ ላይ ያለ የማያቋርጥ ልኬት እንደ ቅንጦት አይታይም።

ሳተላይት ይህን ሥራ ይተካል የሚል ተስፋ አለ፤ በከፊል እውነት ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል-1 ራዳር ሌሊትም፣ ደመና ቢኖርም ያያል፤ ዘይት ትናንሽ ሞገዶችን ስለሚያስተኛ በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ነገር ግን ነፋስ ጸጥ ሲል ባሕሩ ሁሉ ይጠቁራል፤ ነፋሱ ሲበረታ ንጣፉ ይበታተንና ይጠፋል። በተጨማሪም ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው በእሷ ሳይሆን አይቀርም የምትባለው ትራይኮዴስሚየም የተባለች ደቂቅ ባክቴሪያ በገጹ ላይ ስትፈላ በራዳር ምስል ዘይት ትመስላለች። ጥቁር ጥላ ባየን ቁጥር ዘይት ነው ካልን ባሕሩን በገዛ ስሙ ከሰስነው ማለት ነው። ሳተላይት የት እንሂድ የሚለውን ይመልሳል፤ ምን አለ፣ ምን ያህል አለ የሚለውን የሚመልሰው ጠርሙሱ ነው።

የልኬት ክርክር የገንዘብ ክርክርም ነው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በ2010 የደረሰው የዲፕዋተር ሆራይዘን አደጋ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ቅጣት ሊታሰብበት የሚገባው ዘይት መንግሥት እንዳለው 4.19 ሚሊዮን፣ ቢፒ ኩባንያ እንዳለው 2.45 ሚሊዮን በርሜል ነበር፤ ዳኛው 3.19 ሚሊዮን ብለው ወሰኑ። ቅጣቱ በበርሜል የሚታሰብ ስለነበረ በመካከሉ የነበረው ልዩነት በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። በዓለም ላይ ምርጥ መሣሪያና ባለሙያ ባለበት አገር እንዲህ ከተከራከሩ፣ የቀደመ ቁጥር በእጁ የሌለ አገር ከመርከብ ባለቤትና ከመድን ድርጅት ፊት ምን ይዞ ይቆማል?

ሕጉ በበኩሉ እየጠነከረ ነው። ማርፖል በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ልዩ ጥበቃ የሚደረግላቸው ባሕሮች ተብለው ከተሰየሙ ብዙ ዓመታት ያለፉ ቢሆንም፣ የፍሳሽ ገደቡ በተግባር መዋል የጀመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ነው። በዚህም መሠረት ጫኝ መርከቦች የታንክ እጣቢ መድፋት አይችሉም፤ ከሞተር ክፍል የሚወጣውም ውሃ ተጣርቶ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 15 እጅ በላይ ዘይት እንዳይኖረው ያስፈልጋል። በቦቴ ብንመነዝረው፣ በአንድ ሙሉ ቦቴ ውሃ ውስጥ ከግማሽ ሊትር በላይ ዘይት ማለት ነው። ሕጋዊ የሆነው ፍሳሽ እንኳ ከንጹሕ ባሕር ውሃ ከ10,000 እጥፍ በላይ ዘይት የሚይዝ በመሆኑ፣ መርከቦች በሚጨናነቁበት ወሽመጥ አደጋ ሳይደርስም ቁጥሩ ቀስ እያለ ሊወጣ ይችላል።

መቀመጫውን ጅዳ ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ1982 በተፈረመው የጅዳ ስምምነት ላይ የቆመው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጅቡቲን፣ የመንን፣ ሱዳንን፣ ሶማሊያን፣ ሳዑዲ ዓረቢያን፣ ግብፅንና ዮርዳኖስን ያቀፈ ነው። ኤርትራ በአባልነት የለችም፤ ኢትዮጵያም የባሕር ዳርቻ ስለሌላት አባል አይደለችም። ነገር ግን በዶራሌ ከሚራገፈው ነዳጅ ትልቁ ድርሻ የእኛ እንደ መሆኑ፣ ለዚህ ልኬት የሚሆን የሰው ኃይልና የቤተ ሙከራ አገልግሎት ማዋጣት ለጎረቤት የሚደረግ ውለታ ተደርጎ መታየት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ኬሚስቶችና መሣሪያዎች በዩኒቨርሲቲዎቻችን አሉ፤ በሄክሴን የተወሰደ ናሙና በብርድ ተጠብቆ በመንገድ ወይም በባቡር አዲስ አበባ ይደርሳል።

ለአሻራ ምርመራ የሚያስፈልገው ግማሹ ሥራ ደግሞ ሳይታወቅ እየተሠራ ነው። መርከቦች ለራሳቸው ሞተር ነዳጅ በቀዱ ቁጥር ከነዳጁ የታሸገ ናሙና ወስደው ቢያንስ 12 ወር እንዲያቆዩ ማርፖል ያስገድዳቸዋል። ዓላማው የሰልፈር መጠንን መቆጣጠር ቢሆንም፣ ያው ጠርሙስ በዳርቻው ከተገኘ ዘይት ጋር ተነጻጽሮ ባለቤቱን ሊለይ ይችላል። በተርሚናሉ ከሚራገፈው ከእያንዳንዱ ጭነት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ቀድቶ፣ ቀኑንና የመርከቡን ስም ጽፎ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ፣ በየነፋሱ ወቅትም ከተወሰኑ ቦታዎች 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃ ቀድቶ በአንድ መለኪያ መመርመር፣ አንዲት ጀልባ፣ ሁለት ሠራተኞችና አንድ የድምቀት መሣሪያ ይበቁታል። ሴፈር በዝገት ላይ ሳለች ይህ ሥራ ሊጀመር የሚችልባቸው ስምንት ዓመታት ነበሩ።